የሟች ስም የማን ነው?

ማታ ራት ከተበላ በኋላ ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ ከሚመለከታቸው የቴሌቪዥን ዝግጅቶች መካከል፣ በእውነት የተፈጸመ የነፍስ ግድያን የሚተርኩ ዘጋቢ ፊልሞች በዚህ ዘመን ብዙ ተመልካች አግኝተዋል። ወንጀሉ የተፈጸመበት ቤት ይታያል፤ የሟች ፎቶግራፍ ይቀርባል፤ መርማሪው ፖሊስ ይናገራል። ተመልካቹም ገዳዩ እስኪታወቅ ድረስ ከወንበሩ አይነሣም። ነገር ግን፣ ክቡራን አንባብያን፣ የሟች እናት ይህ ሁሉ እንዲታይ ፈቅዳለችን? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ነገሩ የቈየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ፣ በጆርጂያ ግዛት፣ አንዲት የ17 ዓመት ልጃገረድ ተደፍራ ሞተች። የግዛቲቱ ሕግ የተደፈረችን ሴት ስም በጋዜጣም ሆነ በቴሌቪዥን መግለጥን በወንጀል ያስቀጣ ነበር። ይሁን እንጂ በ1972 ተከሳሾቹ ፍርድ ቤት በቀረቡ ጊዜ፣ አንድ የአትላንታ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ስሟን ከክስ ወረቀቱ ላይ አግኝቶ በዚያው ዕለት በዜና ተናገረው፤ በማግሥቱም ተደገመ። አባቷ ከሰሰ። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤቱታውን ቢቀበልለትም፣ በ1975 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደበት፤ ለሕዝብ ክፍት በሆነ የፍርድ ቤት መዝገብ የተጻፈውን እውነት የዘገበ ሰው ሊጠየቅ አይገባም አለ። ይህን ምክንያት አልንቀውም፤ በተዘጋ በር የሚሰጥ ፍርድ ድኻውን እንደሚጎዳ እናውቃለንና። ነገር ግን በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ፈልጎ ለመጣ ሰው ብቻ የሚገለጥ ስምና በየሰዉ ሳሎን የሚነገር ስም አንድ ናቸውን?

የጀርመን ዳኞች በሌላ መንገድ ሄዱ። በ1969 በሌባኽ ከተማ አጠገብ በሚገኝ የጥይት መጋዘን አደጋ ተጥሎ 4 ወታደሮች ተገደሉ። ሁለቱ ወንጀለኞች የዕድሜ ልክ እስራት፣ የረዳቸው ሦስተኛው ደግሞ የ6 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ዜድዴኤፍ የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት ታሪኩን በፊልም አዘጋጅቶ፣ የሰዎቹን ስምና ፎቶግራፍ ጨምሮ ሊያሳይ ሲል፣ ረዳቱ ከእስር የሚወጣበት ጊዜ ቀርቦ ነበርና ፊልሙ ይከልከልልኝ ብሎ አመለከተ። የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤትም በ1973 ከለከለለት። ወንጀሉ ትኩስ ሳለ ሕዝብ ማወቅ ይገባዋል፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ ግን ወደ ማኅበራዊ ኑሮ ለሚመለስ ሰው መንገዱን ማሰናከል አይገባም ሲል ወሰነ። (በ1999 ግን ይኸው ፍርድ ቤት ስማቸውን ለውጦ የተሠራ ሌላ ፊልም እንዳይታገድ አድርጓል።)

እንግዲህ በአንደኛው አገር የሟች አባት ተረታ፤ በሌላው የገዳዮች ረዳት ረታ። በሁለተኛው ፍርድ ቅር አይለኝም፤ ንስሓ የገባን ሰው በደል ካህኑ በልቡ ይዞ እንደሚኖር እናውቃለን። የሚያሳዝነኝ ያ አባት ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን በፍትሐት ጊዜ ካህኑ የሚጠራው የሟችን የክርስትና ስም ነው፤ በማን እጅ፣ በምን ሁኔታ እንደ ሞተ አይቈጠርም። በአርባውም በሰማንያውም በዓመቱም የሚታሰበው በዚሁ ስም ነው። ፊልሙ ግን ሟችን የሚያስታውሰው በአሟሟቱ ብቻ ነው።

በአገራችንም የወንጀል ታሪክ በቴሌቪዥንና በዩቲዩብ ይተረካል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቍጥር 27 ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሰው ፎቶግራፍ በአደባባይ እንዳይገለጥ ይከለክላል፤ በቍጥር 28 ግን ለፍርድና ለፖሊስ ሥራ፣ በሕዝብ ፊት ለተፈጸመ ነገርም በሩን ይከፍታል። ባለቤቱ ሲሞት መብቱ በቍጥር 30 ለዘመዶቹ ያልፋል፤ ይኸውም ሥዕሉ የሟችን ክብር ወይም መልካም ስም የሚነካ ሲሆን ነው። እንግዲያስ እናቲቱ፣ «ክብሩን አልነካችሁም፤ ብቻ የልጄን ፊት በዚያ መልክ ማየት አልችልም» ብትል፣ በዚህ አንቀጽ የምትረዳ አይመስለኝም።

ፊልሙን የሚያዘጋጀው ሰው ግን ሕግ ሳያስገድደው ከቤቷ ሄዶ ሊጠይቃት ይችላል። እንቢ ብትለውና እርሱም ሥራውን ባይተው፣ የሚታይበትን ቀንና ሰዓት እንኳ አስቀድሞ ይንገራት፤ ያን ማታ ቴሌቪዥኗን ዘግታ፣ የቀሩትን ልጆቿን ይዛ ከዘመድ ቤት እንድታድር።