ጉድጓዱ ምን አደረገ?

አየር ጤና ውስጥ፣ መንገድ ዳር ብስክሌት የሚጠግን አንድ ልጅ አለ። ባለፈው ክረምት የኋላ ጎማዬ እየተወላገደ ፍሬኑን ሲፈትገው እየገፋሁ ወሰድኩለት። «ጉድጓድ ሰበረኝ» አልኩት። ዳዶዎቹን ፈትቶ ጎማውን ሲያወጣ ፔርኖው (የጎማው ዘንግ) ለሁለት ተከፍሎ እጁ ላይ ቀረ። ስብራቱን ወደ ብርሃን አዞረና «ጋሼ፣ ይኼማ ከተሰነጠቀ ሰንብቷል» አለኝ።

እውነቱን ነው። ስብራቱ ሁለት መልክ ነበረው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለስላሳና ጠቆር ያለ፣ ዝገትም የነካው፤ ቀሪው ሻካራና የሚያብለጨልጭ። ለስላሳው ቀስ በቀስ ሲሰነጠቅ የከረመው ነው፤ ሁለቱ ገጾች እርስ በርስ እየተፋተጉ ለስልሰዋል። ሻካራው በመጨረሻዋ ቅጽበት የተበጠሰው ነው። የጉድጓዱ ድርሻ ይህችው ብቻ ናት።

መሐንዲሶች ነገሩን «የብረት ድካም» ይሉታል። አንዴ ቢጫኑት ንቅንቅ የማይል ብረት፣ ያው ጭነት መቶ ሺህ ጊዜ ሲመላለስበት ይሰነጠቃል። በግንቦት 1842 እ.ኤ.አ. ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ሲመለስ የነበረ ባቡር ዘንጉ ተሰብሮ ብዙ ሕዝብ አለቀ። ከዚያ በኋላ ጀርመናዊው አውጉስት ቮለር የባቡር ዘንጎችን በማሽን እያመላለሰ ሲፈትን ቆይቶ፣ ውጤቱን በ1870 እ.ኤ.አ. ጠቅለል አድርጎ አወጣ። የሰፈራችን ኮብልስቶን ያንኑ ሙከራ በነጻ ይሠራልናል፤ እያንዳንዱ ድንጋይ አንድ ምት ነው።

ግን ለምን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው የኋላው ፔርኖ፣ ያውም በቀኝ በኩል? ርካሽ ባለብዙ ማርሽ ብስክሌት ላይ የማርሹ ድርድር እንደ ክዳን ሞዞው (የጎማው እምብርት) ላይ ይጠመዘዛል። ስለዚህ የቀኙ ኩሽኔታ (ፔርኖው ላይ የሚሽከረከሩት ኳሶች ያሉበት) ከማርሹ በስተውስጥ ይቀራል፤ ከእሱ እስከ ፍሬሙ ድረስ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ፔርኖ ያለ ደጋፊ ይንጠለጠላል። ኩሽኔታ በጣሊያንኛ «ትንሽ ትራስ» ማለት ነው፤ እዚህ ላይ ትራሱ ከራሱ ርቋል። በዚያ ላይ ሰንሰለቱ አለ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ዳገት ላይ ፔዳሉ ላይ ሲቆም፣ የፔዳሉ ክንድ 17 ሴንቲ ሜትር፣ የፊቱ ማርሽ 28 ጥርስ ከሆነ፣ ሰንሰለቱ የሚወጠረው በ210 ኪሎ ግድም ነው። ፔርኖው ደግሞ 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ለዳዶው ጥርስ ሲወጣለት ሥሩ ላይ ወደ 8.8 ይወርዳል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ክብ ብረት መታጠፍን የሚቋቋመው በውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ልክ ስለሆነ፣ ከአቅሙ ሲሶ ያህሉ በዚሁ ይሄዳል። ስንጥቁም የሚነሳው ከጥርሱ ሥር ነው።

ሺማኖ በ1978 እ.ኤ.አ. ኩሽኔታውን ወደ ዳር ያወጣ ሞዞ አመጣና ችግሩ በጣም ቀለለ። ገበያችን ውስጥ ግን አሮጌው ዓይነት ዛሬም ሞልቷል።

ዳዶው አልፈታ ካለ አትታገሉት። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ጥርሶቹን ወጥሮ ይይዛል፤ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ አሳድሩትና በማግስቱ በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ነካ ነካ አድርጉት። አዲስ ፔርኖ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ዳዶው በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ካልገባ ጥርሱ አንድ አይደለም። የኩሽኔታውን ኳሶችም አብራችሁ ለውጡ፤ በአብዛኛው በየጎኑ ዘጠኝ ናቸው። «በብየዳ ይያዝልህ» የሚላችሁን አትስሙ። ሙቀቱ የብረቱን ጠባይ ይለውጠዋል፤ ፔርኖውም ቀጥ ብሎ አይመለስም።

የተሰነጠቀ ፔርኖ ዳዶዎቹ አጥብቀው ስለያዙት ተሰብሮም ሊያስኬድ ይችላል። ስለዚህ አልፎ አልፎ የኋላውን ጎማ አንሡና ቸርኬውን ይዛችሁ ወደ ግራና ቀኝ ግፉት። ኳ ኳ ካለ አትውጡበት፤ እየገፋችሁ ወደ ጠጋኙ ውሰዱት።