ዱባይ ሰው አለዎት?

ትኬት ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጥኩ ዐሥራ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ደንበኛ ሲመጣ የምጠይቀው የታወቀ ነበር፦ ወዴት፣ መቼ፣ ስንት ሻንጣ፣ ፓስፖርቱ መቼ ያበቃል። “ዱባይ ሰው አለዎት?” የሚለውን የጨመርኩት በአንዲት እናት ምክንያት ነው።

ሜልበርን ያለች ልጃቸው ወልዳ ሊያርሱ የሚሄዱ እናት ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ አውስትራሊያ ቀጥታ በረራ ስለሌለ መንገዱ የሆነ ቦታ መቆረጡ አይቀርም። ዱባይ ላይ ዘጠኝ ሰዓት የሚያስቆይ ርካሽ ትኬት አገኘሁላቸው፣ ቆረጥኩላቸው፣ መርቀውኝ ሄዱ። ሳምንት ቆይቶ ከሜልበርን ተደወለ። “ልጄ፣ ታናሿ እኮ እዚያው ዱባይ ናት። ካየኋት ስድስት ዓመቴ ነው።”

ታናሿ ዴራ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። ዴራ ማለት ከኤርፖርቱ በባቡር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። እናት ቪዛ ስለሌላቸው መውጣት አይችሉም፤ ልጅ የበረራ ትኬት ስለሌላት መግባት አትችልም። ዘጠኙን ሰዓት እሳቸው በር አጠገብ ወንበር ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው አሳለፉት። ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ። እሳቸውማ ትራንዚት የሚባለው ነገር አውቶቡስ ተራ ላይ እንደ መቆየት እንጂ ወደ ከተማ መግቢያ ሊሆን እንደሚችል ከየት ያውቁታል?

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ዱባይ ላይ ከኤርፖርት ለመውጣት ትራንዚት ቪዛ ያስፈልገዋል። ሁለት ዓይነት ነው፤ የ48 ሰዓቱ ከክፍያ ነጻ፣ የ96 ሰዓቱ 50 ድርሃም፤ የአገልግሎት ክፍያው ለብቻው ነው። ዋናው ነገር ቪዛው የሚጠየቀው በዚያው አገር አየር መንገዶች በኩል መሆኑና ከበረራው በፊት ማለቅ ያለበት መሆኑ ነው። እዚያ ደርሶ መስኮት ላይ የሚለመን ነገር አይደለም። ስለዚህ በሌላ አየር መንገድ የሚሄድ ሰው ሲመጣብኝ ቶሎ እነግረዋለሁ፤ ተስፋ ይዞ ሄዶ እንዳይቀመጥ።

ሁለተኛው ችግር ሰዓት ነው። ትኬቱ ላይ 01:45 ሲል እኛ አገር ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ከአርባ አምስት ማለት ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት መስሏቸው ያመለጣቸውን ቆጥሬ አልዘልቅም። ከሁሉ የሚብሰው ቀኑ ነው። ረቡዕ 01:45 የተባለው ሰው ረቡዕ ማታ ሻንጣውን ጎትቶ ቦሌ ይደርሳል፤ አውሮፕላኑ ግን ለረቡዕ አጥቢያ ሄዷል። ስለዚህ ትኬቱ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ “ማክሰኞ ማታ ሦስት ሰዓት ቦሌ ይገኙ” ብዬ እጽፋለሁ። ዱባይ ደግሞ ከእኛ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ ስልኩ ራሱን ያስተካክላል፣ የእጅ ሰዓት ግን አያስተካክልም።

ከዚያ ሂሳብ። ዘጠኝ ሰዓት ተብሎ የተጻፈው ዘጠኝ ሰዓት አይደለም። ከአውሮፕላን ወርደው ፓስፖርት አስመትተው እስኪወጡ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ለመመለስ ደግሞ ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ነው እኔ የምመክረው። ለባቡሩ አንድ ሰዓት ስንቀንስ አራት ሰዓት ይቀራል። አራት ሰዓት ትልቅ ነገር ነው፣ ቀን ከሆነ። ሌሊት ከሆነ ባቡሩም ተኝቷል፣ ገበያውም ዝግ ነው፤ ስለዚህ ሌሊቱን የሚያሳልፈውን ሰው ዝም ብለህ ተኛ እለዋለሁ። ቆይታው ከስድስት ሰዓት በታች የሆነውንም እንዲሁ።

በአራት ሰዓት ረጅሙን ፎቅ ለማየት የሚሮጡ አሉ። እኔ አልከለክልም፣ ግን አልመክርም፤ ፎቁ ከሩቅም ይታያል። አንድ ጊዜ እኔው ራሴ በሥራ ሳልፍ የሄድኩት ወደ ክሪኩ ነው፤ ከተማዋን ለሁለት ከፍሎ ከባሕር ወደ ውስጥ የገባው ውሃ። ከተርሚናል 1 ወይም 3 በቀዩ መስመር ባቡር ዩኒየን የሚባለው ጣቢያ ድረስ፣ ከዚያ በአረንጓዴው አንድ ፌርማታ፣ የቀረው በእግር። ባቡሩ ውስጥ ማስቲካ እንኳ ማኘክ 100 ድርሃም ያስቀጣል፤ ቆሎ ይዘው ለሚገቡ ይህን ደጋግሜ እነግራለሁ።

ዴራ ዳርቻ ላይ የእንጨት መርከቦች ተደርድረዋል። ፍሪጅ፣ ጎማ፣ ካርቶን በካርቶን ላይ ተቆልሎ በገመድ ታስሮ ወደ ባሕር ማዶ ለመሻገር ይጠባበቃል። ከኋላ የቅመም ገበያው አለ። አንዱ ሻጭ እጣን በእፍኙ ዘግኖ አስሸተተኝና “የኦማን ነው” አለኝ። እኔ ግን ያሸተትኩት የእናቴን የእሑድ ቡና ነው፤ ከየት እንደመጣ አልተከራከርኩትም። ከዚያ አብራ የሚሏት ጀልባ አለች። ጎንና ጎኗ ክፍት ነው፣ ሰው መሀል ላይ ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣል፣ ሞተሯ ይንተከተካል፣ ናፍጣው ይሸታል። አምስት ደቂቃ እንኳ የማይሞላ መንገድ ነው፤ ዋጋውም አንድ ድርሃም።

እንግዲህ ሜልበርን ያሉት እናት መመለሻ ትኬት ነበራቸው። ቀኑን ወደ እሑድ አዛወርነው፤ የዱባይዋ ልጅ የምታርፈው እሑድ ስለሆነ። ቪዛውን በአየር መንገዱ በኩል አስቀድመን ጨረስን። ትልቋ ልጃቸው ለታናሿ የላከችውን ልብስ በእጅ ሻንጣ እንዲይዙ ደውዬ አሳሰብኩ፤ ሻንጣ ውስጥ ከገባ ቀጥታ ቦሌ ነው የሚወርደው። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ከዚህ ሲሄዱም ያው ነው፦ ለዱባይዋ የታሰበ በርበሬ ሻንጣ ውስጥ ከተቀመጠ ሜልበርን ይደርሳል። ማርና ለጋ ቅቤ ደግሞ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ በእጅ ፍተሻውን አያልፍም።

ከተመለሱ በኋላ ቢሮ መጡ፣ አንድ ፌስታል ተምር ይዘው። እንዴት ነበር አልኳቸው። ስለ ፎቁም ስለ ወርቁም አልተናገሩም። “በአንድ ብር ባሕር አሻገረችኝ” አሉ፤ ድርሃሙን ነው። ማዶ ደርሰው ልጅቱ ወደ ገበያው እንግባ ስትላቸው እምቢ ብለው ተመልሰው ጀልባዋ ላይ ተቀመጡ። ባለጀልባው እንደገና ሳንቲም ተቀበላቸው።

“ሦስቴ ተመላለስን” አሉኝ፣ ተምሩን ወደ እኔ እየገፉ። “ከዚያማ ሰዓትሽ ደረሰ አለችኝ።”