«ሳይነስ» ነው ወይስ አለርጂ? ለይቶ ማወቅ ለምን ይጠቅማል

ጠዋት ሲነሱ በተከታታይ ያስነጥስዎታል? ከአፍንጫዎ እንደ ውሃ የቀጠነ ፈሳሽ ይወርዳል? አፍንጫዎንና ዓይንዎን ያሳክክዎታል? ብዙዎች ይህን «ሳይነስ» ብለው ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ይገዛሉ። እነዚህ ምልክቶች አብረው ሲታዩ ግን በአብዛኛው የአፍንጫ አለርጂ ናቸው። አንቲባዮቲክ ደግሞ ባክቴሪያን እንጂ አለርጂን አያክምም።

እንዴት ይለያል?

ጉንፋን ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀናት ውስጥ ይለቃል። የሳይነስ ኢንፌክሽን ወፍራም ፈሳሽና የፊት ሕመም ያመጣል። አለርጂ ግን ትኩሳት የለውም፤ ማሳከኩ ይጎላል፤ ለሳምንታት ይቆያል ወይም በየዓመቱ በተመሳሳይ ወቅት ይመለሳል።

ሐኪሙ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የእርስዎ ታሪክ ነው። መቼ ይብስብዎታል? ምንጣፍ ሲራገፍ? አልጋ ሲነጠፍ? ድመት ሲቀርብዎት? ከቤተሰብ አስም ያለበት አለ? የቆዳ አለርጂ ምርመራ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ውጤት ይሰጣል፤ ሆኖም ፖዘቲቭ መሆኑ ብቻውን በሽታ አለ ማለት አይደለም። ከታሪክዎ ጋር መግጠም አለበት። የአለርጂ ክኒን ውጤቱን ስለሚያዛባ፣ ከስንት ቀን በፊት ማቆም እንዳለብዎት አስቀድመው ይጠይቁ።

ሕክምናው

ሴትሪዚንና ሎራታዲን ማስነጠስንና ማሳከክን ያስታግሳሉ። ክሎርፌኒራሚን ግን እንቅልፍ ስለሚያመጣ ለአሽከርካሪዎች አደገኛ ነው። ምልክቱ ለጠናበት ሰው ዋናው መድኃኒት የስቴሮይድ የአፍንጫ ስፕሬይ ነው። ሙሉ ውጤቱ እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል፣ በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብለው አይተዉት። የተዘጋ አፍንጫን ወዲያው የሚከፍቱ ጠብታዎችን ግን ከ5 ቀን በላይ አይጠቀሙ፤ ሲቆዩ ራሳቸው አፍንጫን ይዘጋሉ።

አስምን አይርሱ

የአፍንጫ አለርጂና አስም ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ። ሌሊት የሚያስል ወይም ሲተነፍስ ሲር ሲር የሚል ሰው መመርመር አለበት። ሳልቡታሞል (ቬንቶሊን) የጠበበውን የአየር ቧንቧ ለጊዜው ይከፍታል፤ ሥር ያለውን ብግነት ግን አያክምም። ለዚህ የሚሳብ ስቴሮይድ ያስፈልጋል። በቬንቶሊን ብቻ መቆየት ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል።

ጊዜ የማይሰጠው

ከምግብ፣ ከመድኃኒት ወይም ከንብ ንድፊያ በኋላ ምላስ ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ሰው ራሱን ከሳተ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ሕይወት አድኑ መድኃኒት በጭን ጡንቻ የሚወጋ አድሬናሊን ነው። የአለርጂ ክኒን ሰጥቶ መጠበቅ አይተካውም።