ዘጠኝ ዓመት የተፈረደበት ሰው በስድስት ዓመት ለምን ይወጣል?

አንድ የሰፈራችሁ ሰው ዘጠኝ ዓመት ተፈርዶበት ታሰረ እንበል። ስድስት ዓመት እንዳለፈ ግን በር ላይ ቁጭ ብሎ ቡና ሲጠጣ አያችሁት። «አምልጦ ነው? ወይስ በዘመድ ወጣ?» ትሉ ይሆናል። ብዙ ጊዜ መልሱ ሌላ ነው፦ አመክሮ።

አመክሮ የሚለው ቃል መፈተንን፣ መሞከርን ያመለክታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ እንደሚለው፣ ታራሚው ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ ፍርድ ቤት ሊፈታው ይችላል። የ9 ሁለት ሦስተኛ 6 ነው። ዕድሜ ልክ ለተፈረደበት ደግሞ 20 ዓመት ነው።

«ይችላል» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ፤ ጊዜው ስለደረሰ ብቻ በሩ አይከፈትም። ታራሚው በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን ማሳየት አለበት። የበደለውን ሰው አቅሙ በፈቀደ መጠን መካስ አለበት። ከወጣ በኋላም በሰላም ይኖራል ተብሎ መታመን አለበት። ወንጀልን ልማድ ላደረገ ሰው ግን ይህ ዕድል የለም።

ታዲያ ቀሪው ሦስት ዓመት ተሰረዘ ማለት ነው? አይደለም! ተንጠልጥሎ ይቆያል። በፈተናው ጊዜ ሌላ ወንጀል ከሠራ ተመልሶ ሊገባ ይችላል።

ከአመክሮ ጋር የሚምታታ ሌላ ነገር አለ፦ ገደብ። እዚህ ላይ ሰውየው እስር ቤት ጭራሽ ላይገባ ይችላል። ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ካቆመ በኋላ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ጠባዩን እያየ ይጠብቀዋል። ባጭሩ፣ አመክሮ ታስሮ የቆየን ሰው ያስወጣል፤ ገደብ ደግሞ ከመግባቱ በፊት በር ላይ ይመልሰዋል።

አንዳንድ አገሮች ውጭ ያለውን ሰው የሚከታተሉት እግር ላይ በሚታሰር መሣሪያ ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ጃክ ላቭ የተባለ ዳኛ ይህን አስጀመረ። ሐሳቡ የመጣለት፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ከስፓይደርማን የሥዕል ታሪክ ነው! መሣሪያው የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ቤት ውስጥ ያለው ተቀባይ ሞገዱ ሲጠፋበት በስልክ መስመር ያሳውቃል። ዛሬ ብዙዎቹ ሰውየው የት እንዳለ የሚያውቁት በሳተላይት፣ በጂፒኤስ ነው።

«ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ጊዜውን እስኪጨርስ ለምን አይታሰርም?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በተለይ ለተበደለው ሰው ሦስት ዓመት ቀላል አይደለም። ነገር ግን አብዛኛው እስረኛ አንድ ቀን መውጣቱ አይቀርም። ዓመታት ታስሮ የኖረ ሰው ሥራውን፣ ወዳጁን፣ አንዳንዴም ቤቱን አጥቶ ነው የሚወጣው። ከሁሉ የሚከብደውም የመጀመሪያዎቹ ወራት ናቸው። ጊዜውን ጨርሶ የወጣን ሰው ፍርድ ቤት በዚያ ቅጣት መልሶ ሊይዘው አይችልም። በአመክሮ የወጣውን ግን ገመዱን ሳይለቅ በእነዚያ ወራት ያየዋል።

ማረሚያ ቤት የሚለውን ስም አስቡት። ገበሬ ማሳውን ያርማል፣ መምህርም ደብተር ያርማል። ሁለቱም የሚያርሙት ሊያቆዩት የሚፈልጉትን ነገር ነው። ከእስር የወጣው ጎረቤታችሁ ሥራ ፍለጋ በር ሲያንኳኳ፣ እርማቱ ገና አላለቀም።