በማኅፀን ውስጥ ያለው ተራራ

ከተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ወደ መርካቶ ሽቅብ የሚወጣ ሰው፣ በተለይ ከቆላ የመጣ እንግዳ ከሆነ፣ መንገድ ላይ ቆም ብሎ ትንፋሹን ይሰበስባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። እርጉዝ ሴት ዘንቢል አንጠልጥላ ያንን ዳገት ስትወጣ ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ያሳስበኝ ነበር፤ እሷን ትንፋሽ ሲያጥራት ውስጥ ያለው ልብ ምን ይውጠው?

ፅንስ ግን ድሮውንም ተራራ ላይ ነው። ብሪታንያዊው ተመራማሪ ጆሴፍ ባርክሮፍት የፅንስን ኑሮ ኤቨረስት ጫፍ ላይ ከመሆን ጋር አመሳስሎታል። በፅንሱ ደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከእናቱ እጅግ ያነሰ ነው፤ ሄሞግሎቢኑ ግን ኦክስጅንን ከእኛው የበለጠ አጥብቆ ስለሚይዝ ከእንግዴ ልጁ እየነጠቀ ይኖራል።

ልብ መምታት የሚጀምረው ከፅንሰት በኋላ በ22ኛው ቀን ገደማ ነው። ብዙ እናቶች በዚያን ጊዜ መፀነሳቸውን እንኳ አያውቁም። ስምንተኛው ሳምንት ሲያልቅ አራቱ ክፍሎች ቅርጻቸውን ይዘዋል። የሚገርመው የኦክስጅኑ ማነስ ራሱ ለዚህ ሥራ ትእዛዝ ሰጪ መሆኑ ነው። ሂፍ የሚባል ፕሮቲን ኦክስጅን ሲበዛ ይፈርሳል፣ ሲያንስ ይጠራቀምና የደም ሥር እንዲበቅል የሚያዝዙ ጂኖችን ይቀሰቅሳል። ሴሎች ኦክስጅንን የሚለኩበትን ይህን ዘዴ የፈቱት ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል።

ችግሩ እጥረቱ ከልክ ሲያልፍ፣ ወይም ሲረዝም ነው። በዶሮ እንቁላልና በአይጥ ላይ በተደረጉ ሙከራዎች የልብ ግድግዳ ሳስቷል፣ የጡንቻ ሴሎቹም ቁጥር ቀንሷል። እነዚህ ሴሎች ከተወለድን ብዙም ሳይቆይ መባዛታቸውን ከሞላ ጎደል ስለሚያቆሙ፣ የጎደለውን በኋላ መሙላት አይቻልም።

በፅንሱ ልብ አናት ላይ ደግሞ ደሙ ሳንባን አልፎ እንዲሄድ የሚያደርግ አቋራጭ ቧንቧ አለ። ሕፃኑ ተወልዶ ሲተነፍስ ኦክስጅኑ በድንገት ይጨምርና ቧንቧው ይጨመደዳል፣ ይዘጋል። አየሩ በሳሳበት አገር ግን ሳይዘጋ የሚቀርባቸው ልጆች ይበዛሉ፤ ከፔሩና ከቲቤት ተራሮች የተገኙት ጥናቶች ይህን ያሳያሉ። ሕክምና አለው፤ እኛ ጋ ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ከተክለ ሃይማኖት ብዙ ሳይርቅ፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ነው።

ታዲያ ደገኞች ሁሉ ልባችን የታመመ ነው? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው ያሳተሙት ውጤት ዓለምን አስገርሟል፤ የሄሞግሎቢን መጠናቸውም፣ ደማቸው የሚሸከመው ኦክስጅንም ባሕር ወለል ላይ ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ነበር።

ስለዚህ እኔ ዳገቱን መፍራት ትቻለሁ። የምፈራው የደም ማነስንና ከሰልን ነው። ደም ያነሳት እናት ኦክስጅኑን የምትጭንበት ዕቃ ጎድሏታል፤ የአይረን እንክብሉ የሚሰጠው ለዚህ ነው፣ ክትትሉም ሦስት ወር ሳይሞላ ቢጀመር ይመረጣል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል፣ ከፅንሱ ደም የሚወጣውም ከእናቱ ዘግይቶ ነው። «ፍም ሆኗል፣ ጢሱ አልቋል» ብለን ምድጃውን ወደ ጠባቧ ክፍል እናስገባለን። ጋዙ ግን ሽታም መልክም የለውም፤ የሚወጣውም ከፍሙ ነው። ቤታችሁ እርጉዝ ካለች ቡናው እስከ በረካው ደጅ ይፈላ።