ያውቁ ኖሯል? ባዶ ቤት ማሞቅ ኪስ ያራቁታል

በአሜሪካ ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚታየው የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ቴርሞስታት፣ የመምህር ሥራ ነው። በዊስኮንሲን ያስተምር የነበረው ዋረን ጆንሰን የክፍሉ ሙቀት አልስተካከል ቢለው፣ በ1883 (እ.ኤ.አ.) ለኤሌክትሪክ ቴርሞስታት የፈጠራ መብት አገኘ።

ፕሮግራም የሚደረገው ዓይነት ደግሞ ሰዓት ያውቃል፤ ሰው ሲወጣና ሲተኛ ማሞቂያውን ዝቅ፣ ከመነሳቱ ቀደም ብሎ ከፍ ያደርጋል። በበጋ ማቀዝቀዣውንም በዚሁ መንገድ ያሳርፋል። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚለው፣ በቀን ለ8 ሰዓት የሙቀት ልኩን ከተለመደው በ7–10 ዲግሪ ፋራናይት መቀየር የዓመቱን የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ወጪ እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል።

«ቤቱ አንዴ ከቀዘቀዘ መልሶ ማሞቁ ይብሳል» የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል። ቤት ሙቀት የሚያጣው በውስጥና በውጭ ባለው የሙቀት ልዩነት ልክ ነው፤ ልዩነቱ ሲጠብ የሚያመልጠውም ያንሳል። ሂት ፓምፕ (ከውጭ ሙቀት ስቦ ወደ ቤት የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ቤት ግን ጥንቃቄ ይሻል፦ በአንድ ጊዜ ብዙ ሙቀት ሲጠየቅ ኤሌክትሪክ የሚበላው መጠባበቂያ ማሞቂያ ሊነሳ ስለሚችል፣ ለእሱ ተብሎ የተሠራ ቴርሞስታት ያስፈልገዋል።

የሚገርመው፣ ኢነርጂ ስታር የተባለው የመንግሥት የቁጠባ ምልክት በ2009 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ከእነዚህ መሣሪያዎች ላይ ተነሳ። ብዙ ሰው ገዝቶ ይሰቅለዋል እንጂ ፕሮግራሙን አይሞላም ነበር፤ አሞላሉም ቢሆን (እውነት ለመናገር) ያታክታል። የተጠበቀው ቁጠባ ሳይታይ ቀረ።

በሚኒሶታ ወይም በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ከሆነ፣ ክረምቱ ሳይገባ የመውጫና የመኝታ ሰዓትዎን ለቴርሞስታትዎ ይሙሉለት።