የማዕድን ብረዛና የነጋዴው ሚዛን

ገብስ ሊገዛ ወደ ደብረ ብርሃን ገበያ የሚወጣ ነጋዴ ዋጋ ከመቍረጡ በፊት እጁን ወደ ጆንያው ሰድዶ ከመካከሉ እፍኝ ያወጣል። ገለባውን፣ ጠጠሩንና ዐፈሩን በዐይኑ ይለያል፤ በሚዛን ላይ የወጣ ባዕድ ነገር ሁሉ በገብስ ዋጋ እንደሚከፈልበት ያውቃልና።

በማዕድን ንግድም ነገሩ ከዚህ አይለይም። ልዩነቱ፣ ጠቃሚው ማዕድን ከማይረባው ድንጋይ ጋር የሚቀላቀለው በጆንያ ውስጥ ሳይሆን ገና ከመሬት በታች፣ በቆፋሪው ዶማ ሥር መሆኑ ነው። ማር በውሃ ሲበረዝ ጣዕሙ እንደሚቀንስ ሁሉ፣ ማዕድንም በባዶ ድንጋይ ሲበረዝ ዋጋው ይወድቃል። ማዕድኑ በቀጭን ንብርብር ወይም በአለት መካከል እንደ ጅማት ተጋድሞ በሚገኝበት ስፍራ ደግሞ ኪሳራው እጅግ ይከብዳል። የሰሜን ሸዋንና የወሎን ኦፓል ለሚገዙና ወደ ውጭ ለሚልኩ ነጋዴዎች ጉዳዩ የቅርብ ነው።

ብረዛ በቍጥር ሲታይ

ለምሳሌ ያህል፣ የወርቅ ጅማቱ ወርድ 40 ሳንቲሜትር፣ በአንድ ቶን ውስጥ ያለውም ወርቅ 12 ግራም ነው እንበል። ሠራተኛው በውስጡ ለመንቀሳቀስ 120 ሳንቲሜትር ወርድ ቢከፍት፣ ከሚወጣው ድንጋይ ሁለት ሦስተኛው ባዶ ይሆናል። የድንጋዮቹ ክብደት እኩል ከሆነ፣ በአንድ ቶን የሚገኘው ወርቅ ከ12 ግራም ወደ 4 ግራም ይወርዳል ማለት ነው። ወርቁ ከመሬት አልጠፋም፤ ነገር ግን ያንኑ 12 ግራም ለማግኘት ሦስት ቶን መቆፈር፣ ሦስት ቶን መሸከምና ሦስት ቶን መፍጨት ግድ ይሆናል።

እዚህ ላይ ውል የሚዋዋል ሰው ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። አንዳንዱ ብረዛን የሚያሰላው ባዶውን ድንጋይ ለማዕድኑ በማካፈል ነው፤ በዚህ ስሌት ከላይ ያለው ምሳሌ 200 ከመቶ ይሆናል። ሌላው ባዶውን ለጠቅላላው ያካፍላል፤ በዚህኛው 67 ከመቶ ገደማ ይሆናል። ሥራው አንድ ሲሆን ቍጥሩ ሁለት ነውና፣ የትኛው ስሌት እንደተያዘ በውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ ይገባዋል።

ብረዛ ከየት ይመጣል

ምንጮቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ ከላይ እንደታየው፣ ለሠራተኛውና ለመሣሪያው መግቢያ ሲባል ታስቦበት የሚቆፈረው ነው። ሁለተኛው ያልታሰበው ነው፤ ይኸውም ድማሚቱ ከመጠን በላይ ሲሆን፣ የሚበሳው ቀዳዳ ከመሥመሩ ሲወጣ፣ ወይም ድጋፍ ያጣ ጣሪያና ግድግዳ ሲናድ የሚደርሰው ነው። ሦስተኛው በአያያዝ ጕድለት የሚመጣ ነው፤ ማዕድኑና ባዶው ድንጋይ በአንድ ወለል ላይ ተከምረው በአንድ አካፋ ይታፈሳሉ።

መከላከያውም እንደ ምንጩ ይለያያል። የጅማቱን ዳርና ዳር በየቀኑ በቀለም ማመልከት፣ አጫጭር ቀዳዳ መብሳትና ድማሚትን መመጠን፣ የተቆፈረውን ባዶ ቦታ በባዶው ድንጋይ መልሶ መሙላት የታወቁ ዘዴዎች ናቸው። ጅማቱ እጅግ ሲጠብ፣ በመጀመሪያ በጎኑ ያለውን ባዶ ድንጋይ አውጥቶ ማራቅ፣ ከዚያም ጅማቱን ለብቻው ማውረድ ይቻላል። ይህ አሠራር ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ማዕድኑን ንጹሕ አድርጎ ያወጣል። በሌላ በኩል ብረዛን በመፍራት ወርዱን ያለ ልክ ማጥበብ ማዕድኑን በግድግዳው ውስጥ ማስቀረት ስለሚሆን፣ ይህም ሌላ ኪሳራ ነው።

የመዘዞና የወገል ጤና ኦፓል

በሰሜን ሸዋ በመዘዞ አካባቢ የሚወጣው ኦፓል በዓለም ገበያ መታወቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ይህ ኦፓል በአብዛኛው መደቡ ቡናማ ሲሆን፣ በእሳተ ገሞራ አመድ ድንጋይ መካከል በሚገኙ ድቡልቡል ድንጋዮች ውስጥ ተሸፍኖ ይገኛል። ከድቡልቡሉ ድንጋይ ክብደት ብዙው ቅርፊት ወይም ቀለማትን የማያብለጨልጭ ተራ ኦፓል ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ያልተከፈተ ድቡልቡል በኪሎ የሚገዛ ነጋዴ ብረዛውን አብሮ መግዛቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 በደላንታ ወረዳ በወገል ጤና የተገኘው ኦፓል ደግሞ ለጠባብ ጅማት ሥራ ይበልጥ የቀረበ ነው። ኦፓሉ ያለበት ንብርብር ውፍረቱ ከአንድ ሜትር ያነሰ ሲሆን፣ ቆፋሪዎች በገደሉ ወገብ ዋሻ እየበሱ ይከተሉታል። መሣሪያቸው በአብዛኛው የእጅ መሣሪያ ነው። ኦፓል እንደ ወርቅ ተፈጭቶ የሚለቀም አይደለምና፣ ከባድ ምት ባዶ ድንጋይ ከመጨመሩም በላይ ዕንቍውን ራሱን ይሰብራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሰው ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በደላንታ የኦፓል ዋሻ ተንዶ ቆፋሪዎች ከውስጥ ተቀርቅረው እንደቀሩ ተሰምቷል። ጣሪያው ሲናድ ሰውን ይቀብራል፤ ሰው ባይኖርበትም ባዶውን ድንጋይ በማዕድኑ ላይ ያፈሳል። ስለዚህ ለምሰሶ የሚወጣ ገንዘብ ሁለት ጥቅም አለው፤ የቆፋሪውን ነፍስ ይጠብቃል፣ የነጋዴውንም ዕቃ ያጠራል።

የነጋዴው ድርሻ

ቆፋሪው የሚቆፍረው ገዢው በሚከፍልበት መንገድ ነው። ገዢው የተደባለቀውን ክምር በጅምላ ኪሎ ከገዛ፣ ቆፋሪው ክብደት ለማብዛት ይቸኩላል፤ ለይቶ ማውጣትም ሆነ ምሰሶ ማቆም ጊዜ ማጥፋት ይመስለዋል። ገዢው በደረጃ ለተለየ ዕቃ የተሻለ ዋጋ ከከፈለ ግን፣ መለየቱ ለቆፋሪው ትርፍ ይሆንለታል።

ስለዚህ ነጋዴው ናሙናውን ከክምሩ አናት ሳይሆን ከመካከሉና ከሥሩ ቢወስድ፣ ኦፓሉንና ቅርፊቱን ለየብቻ ቢያስመዝን ይጠቀማል። የወገል ጤና ኦፓል ውሃ የሚመጥ በመሆኑ ደረቁን መመዘን ያስፈልጋል፤ እርጥብ ሆኖ የተመዘነ ኦፓል በውሃ የተበረዘ ነውና። የመዘዞውን ለሚገዛ ደግሞ፣ ብዙው ከደረቀ በኋላ የመሰንጠቅ ጠባይ ስላለው፣ ጥቂት ጊዜ አቈይቶ ማየት ይበጃል። ዋሻቸውን በምሰሶ ለሚደግፉና ምርታቸውን ለይተው ለሚያቀርቡ ማኅበራት ቅድሚያ መስጠትም ከምጽዋት የሚቈጠር አይደለም፤ ንጹሕ ዕቃ የሚገኘው ከእነርሱ ስለሆነ የንግድ ጥበብ ነው።